ወርቃማው ሄልሜት

የበረዶ ሆኪዋ ጥቁር ጎማ ከበረኛው ትከሻ በላይ አልፋ መረቡን ስታንቀጠቅጠው፣ ኢላሪ ሳርካማ ሁለት እጆቹን ወደ ላይ ሰቀለ። ለምን እንደሰቀለ ራሱም አላወቀም። ቬቲ ከሩቅ መታ፤ ኢላሪ እንደ ልማዱ በረኛው ፊት ተገትሮ ዱላውን ሰነዘረ፤ ጎማዋ ግን ከዱላው አንድ ስንዝር ርቃ አለፈች። አንድ ስንዝር ሙሉ።

"ጎል!" አለ የአዳራሹ ድምፅ ማጉያ። "ያስቆጠረው ቁጥር አሥራ ዘጠኝ፣ ኢላሪ ሳርካማ! ያቀበለው ቁጥር ሰማኒያ ስምንት፣ ቬቲ ኮስኬላ!"

አዳራሹ በአንድ እግሩ ቆመ። ቬቲ በበረዶው ላይ እየተንሸራተተ መጥቶ አንገቱ ላይ ተጠመጠመበት።

"ሽማግሌው! አንተ እኮ አታረጅም!" እያለ ጮኸ።

ኢላሪም አቀፈው። ምን ያድርግ?

ማንም አልተጠራጠረም። በዚህች የፊንላንድ የሐይቅ ዳር ከተማ ኢላሪ በአሥራ ስድስት ዓመት ካገባቸው ጎሎች ግማሾቹ እንዲህ የገቡ ናቸው፤ ሌላ ሰው ከሩቅ የመታትን ጎማ በረኛው አፍንጫ ሥር ቆሞ በዱላው ጫፍ ነካ በማድረግ። ለዚህ ሙያ አራት ጥርስና አንድ የጉልበት ጅማት ገብሯል። እሱ እዚያ ቆሞ ጎል ከገባ የእሱ ነው ብሎ ከተማው ሁሉ ተቀብሏል።

ነገሩ የአንድ ጎል ጉዳይ ቢሆን ኖሮ በሳቀበት ነበር። ጉዳዩ ግን ሄልሜቱ ነበር። በየቡድኑ ብዙ ነጥብ ያለው ተጫዋች ወርቃማ ሄልሜት ይለብሳል። ጎል ማግባትም ማቀበልም አንድ አንድ ነጥብ ነው፤ ነጥብ እኩል ሲሆን ብዙ ጎል ያገባው ይለብሰዋል። ኢላሪ ሄልሜቱን አራት ዓመት ሙሉ ለማንም አላስነካም። ዛሬ ወደ ሜዳ ሲገቡ እሱም አርባ አንድ፣ ቬቲም አርባ አንድ ነጥብ ነበራቸው። ጎሉ የኢላሪ ከሆነ ሁለቱም አርባ ሁለት ይሆናሉ፣ ሄልሜቱም ብዙ ጎል ያለው ኢላሪ ራስ ላይ ይቆያል። የቬቲ ከሆነ ግን ለቬቲ ይሆናል። የኢላሪ ውል ደግሞ በሚያዝያ ያልቃል፤ የቡድኑ ሥራ አስኪያጅ "እንነጋገራለን" ካለው ሦስት ወር አልፏል። ወርቃማ ሄልሜት የለበሰን ሰው ማንም አያሰናብትም።

ቬቲ ሃያ ዓመቱ ነው። በነሐሴ አንድ ሻንጣና እናቱ የጋገረችለትን ጥቁር ዳቦ ይዞ ሲመጣ ከባቡር ጣቢያ የተቀበለው ራሱ ኢላሪ ነበር። በጥቅምት የአዳራሹ ቋሊማ ሻጭ ኢላሪን "ቬቲ ደህና ነው?" እያለች ሰናፍጭ ትቀባለት ጀመር፤ እሱን ደህና ነህ ወይ ያለችው ግን የለም። ለገና ደግሞ የኢላሪ የስምንት ዓመት ልጅ ሄልካ ምን ማሊያ እንደምትፈልግ ስትጠየቅ "ሰማኒያ ስምንት ቁጥር" አለች።

"የአባትሽስ?" ቢላት፣ "ያንተማ ቤት ሞልቶ!" አለችው።

ኢላሪ ሳቀ። ከዚያ ወደ ደጅ ወጥቶ አንዴ የጠረገውን በረዶ ደግሞ ሲጠርግ ዋለ። ድካም ነው፣ ጉልበቴ ነው እያለ ሌላ ስም ሊያወጣለት ቢሞክርም ቅናት ነበር። የቬቲን ሳቅ ሲሰማ እንኳን ክፍሉን ለቆ ይወጣ ነበር።

ጨዋታውን ሦስት ለሁለት አሸነፉ። መልበሻ ክፍል ውስጥ አሥራ ሁለት ዓመት አብሮት የሠራው የዕቃ ኃላፊ ሬይዮ ወርቃማውን ሄልሜት በጨርቅ ይወለውላል።

"የት ልስቀለው?" አለ።

"የት ትሰቅለዋለህ? ቦታው ነዋ!"

"ልጠይቅ ብዬ ነው።" ሬይዮ ጨርቁን አጠፈ። "መዝጋቢዋ እትዬ አውሊኪ የጨዋታውን ወረቀት የሚዘጉት ከግማሽ ሰዓት በኋላ ነው። የሚታረም ነገር ያለው ይምጣ ብለዋል።"

"ለእኔ ለምን ትነግረኛለህ?"

"ለሁሉም ነው የምነግረው" አለ ሬይዮ፤ ክፍሉ ውስጥ ግን ከሁለቱ በቀር ማንም አልነበረም።

የትም ባይጻፍም ሁሉም የሚያውቀው ነገር ነው፤ ያልነካ ሰው ሄዶ "አልነካሁም" ይላል። ኢላሪም በወጣትነቱ ሁለት ጊዜ አድርጎታል። ያኔ ቀላል ነበር፤ በማግስቱ ሌላ ጎል እንደሚያገባ ያውቅ ነበር።

ፎጣ አገልድሞ ሳውና ገባ። ቬቲ የላይኛው መደብ ላይ ብቻውን ተቀምጧል፤ ሠላሳ ሁለት ጥርሱም አብሮት አለ።

"ውሃ ልጨምር?"

"ጨምር። ካልቻልክ ውጣ።"

"አንተ ነህ የምትወጣው፣ ሽማግሌው!" ቬቲ የጋለው ድንጋይ ላይ አንድ ጭልፋ ውሃ ቸለሰበት፤ እንፋሎቱ ጆሯቸውን ለበለበው።

"ያቺ ጎል" አለ ኢላሪ። "ከኋላ ሆነህ ምን ታየህ?"

"ያንተዋ? ነካሃት። አቅጣጫ ስትቀይር አይቻለሁ።"

"ወዴት ቀየረች?"

ቬቲ ጭልፋውን አገላበጠ። "ወደ… ግራ። ትንሽ።"

"በቀኝ በኩል ነው እኮ የገባችው።"

"እንግዲያው ወደ ቀኝ።"

ኢላሪ ላቡን ከግንባሩ ጠረገ።

"እትዬ አውሊኪ ጠርተውኝ ነበር" አለ ቬቲ። "ከቪዲዮው አልለይ ቢላቸው ነው። እሱ ነው የነካት አልኳቸው። አታስብ፣ አልቋል።"

"ማን አሰበ?"

"ማለቴ… ውልህ ሊያልቅ ነው አይደል? እኔ ገና ብዙ ጊዜ አለኝ። ዘንድሮ ላንተ ይሁን።"

በክፋት አልተናገረውም። ክፋት ቢኖርበት ኢላሪ ደስ ባለው። ልጁ የሚናገረው ለታመመ አጎቱ ሾርባ እንደሚያቀርብ ሰው ነው። ኢላሪ ስድስት ወር ሙሉ በዚህ ልጅ ሲቀና ኖሯል፤ በፍጥነቱ፣ በእጁ፣ በጥርሱ፣ በሄልካ ማሊያ። ልጁ ግን አንድ ቀን እንኳን እንዳልቀናበት አሁን ገባው። የሚያስቀና ነገር አላየበትም። አዝኖለት ነው የኖረው።

"ማን ለመነህ?" አለ ኢላሪ ብድግ ብሎ።

"እንዴ! ምን አልኩ?"

"ውሸት እንኳን አትችልበትም። ጭልፋውን አስቀምጥ።"

በፎጣና በነጠላ ጫማ ኮሪደሩን አቋርጦ የመዝጋቢዋን በር ገፋው። እትዬ አውሊኪ ጡረታ የወጡ የሒሳብ መምህርት ናቸው፤ ኢላሪንም አስተምረውታል።

"ልብስ የለህም እንዴ፣ አንተ ልጅ?" አሉ ከመነጽራቸው በላይ እያዩት።

"ያቺን ጎል አልነካኋትም።"

"ልጁ ነክቷታል ብሎኛል እኮ።"

"ልጁ ዋሽቷል።"

"ከፈረምኩ በኋላ መመለስ የለም። ሄልሜቱም…"

"አውቃለሁ፣ እትዬ። ይጻፉት።"

ጻፉት። "ድሮም ደግ ልጅ ነበርክ" አሉ ሲፈርሙ።

"ከደግነት አይደለም" አለ ኢላሪ፤ እውነቱን ነበር።

መልበሻ ክፍል ተመልሶ ሄልሜቱን ከመስቀያው አወረደ። ከኋላ የተለጠፈውን አሥራ ዘጠኝ ቁጥር በጥፍሩ መላጥ ጀመረ፤ አራት ዓመት የቆየ ነገር ስለነበረ በቀላሉ አልለቀቀም።

"ካቻቢቴ አቀብለኝ። መጥበብ አለበት" አለ ለሬይዮ። "የልጁ ራስ ከእኔ ያንሳል፤ ለጊዜው።"

ሬይዮ ምንም ሳይጠይቅ አቀበለው። ኢላሪ ብሎኖቹን ፈታ፣ አጠበበ፣ መልሶ አሰረና ሰማኒያ ስምንት ቁጥር መስቀያ ላይ ሰቀለው። ቬቲ ውሃው ከፀጉሩ እየተንጠባጠበ ሲገባ አየው።

"ኢላሪ፣ ይሄ ምንድነው?"

"ያንተ ነው። ስላዘንኩልህ አይደለም የሰቀልኩት፤ ስላገባህ ነው።" ከዚያ ወደ ሬይዮ ዞረ። "ብሎኑን ግን ደግመህ እንዳታጠብቀው። የማክሰኞው ጨዋታ ሲያልቅ እፈልገዋለሁ።"

ቬቲ ሊስቅ አፉን ከፈተ፤ የኢላሪን ዓይን ሲያይ ግን ዘጋው። ሄልሜቱን አውርዶ በሁለት እጁ ደረቱ ላይ ያዘው።

"ማክሰኞማ አታገኘውም" አለ።

ኢላሪ ስድስት ወር ሙሉ ልጁን እንዲህ ሳይስቅ አይቶት አያውቅም። ደስ አለው፤ ይሄ ማዘን አልነበረም። እንደ ሌሎቹ ተጫዋቾች ያለ ነጭ ሄልሜት ከሳጥን አወጣና አሥራ ዘጠኝ ቁጥሩን በአውራ ጣቱ ተጭኖ ለጠፈበት።