አራተኛው ፍጻሜ

ከባሌ ከጋርዝ ጋር በጥንድ ከርሊንግ፣ በረዶ ላይ ድንጋይ አንሸራትቶ ክብ መሐል የማሳረፍ ጨዋታ፣ መጫወት ከጀመርን ሃያ አንድ ዓመታችን ነው። በካናዳዋ ሳስካችዋን ሦስት ጊዜ ለፍጻሜ ደርሰን ሦስቴም ተሸንፈናል፤ ለሀገር አቀፉ ውድድር የሚያልፈው አንድ ጥንድ ብቻ ነው። ዘንድሮ ደግሞ ጉልበቴን ያየው ሐኪም «ከዚህ ክረምት በኋላ በቃሽ» ብሎኛል።

በአራተኛው ፍጻሜያችን የመጨረሻ ዙር እኩል ነበርን። ጋርዝ አራተኛውን ድንጋያችንን ለቀቀ። እኔ ፊት ፊቱ እየሮጥኩ፣ ድንጋዩ እንዲርቅ በረዶውን ጠረግሁለት። ድንጋዩ ሄዶ ክቡ መሐል ቁጭ ሲል ከመስታወቱ ጀርባ የነበረው ተመልካች ሁሉ ብድግ አለ።

እኔ ግን እጄን አነሳሁ። እየተንሸራተተ ሳለ መጥረጊያዬ ነክቶት ነበር። ማንም ያየ አልመሰለኝም፤ ቢሆንም እንዲህ ያለውን የምንናገረው እኛው አጥፊዎቹ ነን።

«ነክቼዋለሁ» አልኩ።

«አይቼሻለሁ» አለ ጋርዝ ፊቱን አጨማዶ። «ትንሽ ብትቆዪ እኔው ላጋልጥሽ ነበር።»

«ታዲያ ምን ያስኮርፍሃል?»

«ቆንጆ ነበራ ድንጋዩ!»

ተጋጣሚዎቻችን ማርሊስና ወንድሟ ኮርት ናቸው። ድንጋዩ ይቆይ ወይስ ይውጣ የሚሉት እነሱ ናቸው። ማርሊስ ጎንበስ ብላ አየችውና «አዝናለሁ እህቴ፣ እዚህማ አያድርም» ብላ በእግሯ ገፍታ አስወጣችው። ከዚያ የራሷን የመጨረሻ ድንጋይ ከመሐሉ ነጥብ ግማሽ ስንዝር ሲቀረው አቆመችው። ከፊቱ ደግሞ ሌላ ድንጋያቸው ከልሎታል።

የቀረችን የእኔ አንዲት ድንጋይ ናት። ዞራ ገብታ ከማርሊስ ድንጋይ ይልቅ ለነጥቡ መቅረብ አለባት። ጉልበቴን አጥፌ ቀስ ብዬ ለቀቅኋት።

«ደከመች!» ጮህኩ። «ጥረግ!»

«ነይ የኔ እመቤት! ነይ እንጂ!» ጋርዝ ለድንጋይዋ ነው። በሃያ አንድ ዓመት እኔን እንዲህ ለምኖኝ አያውቅም።

የከለለውን ድንጋይ ለጥቂት አለፈችው፤ የማርሊስንም ድንጋይ አለፈችው። በነጥቡ ላይ የተሰመረውን የመሐል መስመር ስትሻገር ግን ሕጉ ለተጋጣሚም መጥረጊያ ይፈቅዳል። ማርሊስ ዘላ ገባችና አሳልፋ ልታስወጣት እንደ እብድ ትጠርግ ጀመር።

«ሂጂ! ሂጂልኝ!» ትላታለች።

«ቁሚ!» ጋርዝ በሆዱ በረዶው ላይ ተዘርግቷል። «በእናትሽ ቁሚ!»

«ጋርዝ፣ አትጩህብኝ፣ አሳቅኸኝ!» አለች ማርሊስ። እየሳቀችም መጥረጓን አልተወችም።

ድንጋይዋ ቆመች።

በዓይን አልለይ ብሎ መለኪያው መጣ። ዳኛው ነጥቡ ላይ ተክሎ አንዴ አዞረው፣ ደገመና አዞረው፣ ከዚያ በጣቱ የእኛን አመለከተ። በአንድ ጣት ውፍረት!

ጋርዝ ከተኛበት አልተነሳም። «ክንዴን ይዘሽ አንሺኝ፣ በመጥረግ ዝሎ አልታዘዝ አለኝ» አለኝ። ልጎትተው ስል ጉልበቴ ከዳኝና እላዩ ላይ ወደቅሁ። ኮርት መጥቶ ሁለታችንንም አነሳን።

በእኛ ዘንድ ለተሸነፈ መጠጥ የሚያቀርበው አሸናፊው ነው። ሦስት ጊዜ ተቀምጬ ሲያመጡልኝ ጠጥቻለሁ። አሁን አራት ብርጭቆ በትሪ ይዤ፣ እያነከስኩ፣ እነማርሊስ ወደተቀመጡበት ጠረጴዛ ሄድኩ።

«ቀስ በይ፣ ታፈሺዋለሽ» አለችኝ ማርሊስ።

«ይፍሰስ» አልኳት። «ሌላ አመጣለሁ።»