የቾይ ሺንግ መርከብ ዓይን

ጋሼ ሎክን ሠዓሊ ያለው ማን እንደሆነ ባገኘው ደስ ይለኛል። የሆንግ ኮንግ ወደብን እንደሱ የሚሥል የለም ይላሉ። የፈረንጅ ካፒቴኖች መርከባቸውን ለማሣል ደጁን ይጠናሉ፤ ለነሱ ሲሥል አንዲት ገመድ አታመልጠውም። ካመለጠችው አይቀበሉትማ።

እኔ የለመንኩት አንድ ነገር ነው። ባሌ ቾይ ሺንግ ከነመርከቡ ባሕር ውስጥ ቀርቷል። ሬሳ የለ፣ መቃብር የለ። ነገ የባሕሯ እናት የቲን ሃው በዓል ነው፤ የመርከቡን ሥዕል ቤተ መቅደሷ ውስጥ ካልሰቀልኩለት ነፍሱ ማረፊያ አጥታ ትንከራተታለች።

ጋሼ ሎክ ሸራውን ገለጠልኝ። አንዱ ካፒቴን ሳይወስደው የቀረ ሥዕል ነው። መሃሉ ላይ የፈረንጅ መርከቦች ተኮፍሰዋል፤ የባሌን መርከብ ኋላ ጨምሮ ጥግ ላይ ለጥፏታል።

«ይቺ የዓሣ አጥማጅ ናት» አልኩት።

«እትዬ ሆይ ላን፣ መርከብ መርከብ ነው።»

«ዓይኗን ይመልከቱ።»

በኛ ወደብ መርከብ ሁሉ ከፊቱ ጎንና ጎን ዓይን ይሣልበታል፤ የዚችኛዋ ዓይን ወደ ታች ያያል። ዓሣ የሚፈልግ ጀልባ ነው ወደ ታች የሚያየው። የነጋዴ መርከብ ዓይን ሩቅ፣ ወደ ፊት ነው የሚያየው። ይሄን ሳያውቅ ያደገ የወደብ ልጅ የለም።

«ማን ልብ ይለዋል ብለሽ ነው?» አለኝ።

ደሜ ፈላ። እርስዎ ማለቴም ቀረ።

«ባሌ ሐር ጭኖ ማኒላ የሚደርስ ሰው ነው፤ አንተ ዓሣ ስታስለቅመው ዋልክ። ለፈረንጅ ገመድ ትቆጥራለህ፣ ለወንዝህ ልጅ ዓይን ትነፍጋለህ። አታፍርም?»

አፈረ መሰለኝ። ብሩሹን አነሣና ዓይኗን ቀና አደረገው። አሁን የባሌ መርከብ ሆነች። ዓይኗ የሚያይበትን አቅጣጫ ተከተልኩ። ከተማውን ትታ፣ ወደ ሰፊው ባሕር።

«ወዴት እየሄደች ነው?»

«ወደ ባሕር ነዋ። መርከብ ሲወጣ ነው የሚያምረው።»

«አዙራት።»

«ኧረ እትዬ፣ በዓሉ ነገ ነው። ሥዕሉን ልታፈርሽብኝ ነው እኮ። ሲሄድ ቢሆን ምን አለበት?»

«ሲሄድማ አይቼዋለሁ» አልኩት።

ጋሼ ሎክ ብሩሹን አስቀምጦ ቢላ አነሣና መሃል ላይ የተኮፈሱትን የፈረንጅ መርከቦች መፋቅ ጀመረ።