የዋስ ደመወዝ

የመስከረም የመጨረሻው ቅዳሜ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ነበር፤ ዝናቡ አባርቶ ብርዱ ብቻ ቀርቷል።

አሥራ ስምንት ማዞሪያ በሚገኘው በአጎቴ በጋሽ ጥሩነህ ሳሎን፣ የፍሪጁን ገመድ ነቅዬ ላፕቶፔን ሰክቻለሁ። ባትሪው ከሞተ ሁለት ዓመት ሆኖታል። ስለ ኢንፎርሜሽን ሲስተም ትምህርት ጥቅም የማስረዳው ከግድግዳው ሳልርቅ ነው።

“ፍሪጁ ሥጋ አለበት፤ ቶሎ ጨርስ፣” አሉ የአጎቴ ባለቤት እትዬ ዘመነች።

ልጃቸው ራዕይ እኔ የተማርኩትን ትምህርት በአንድ የግል ኮሌጅ መማር ትፈልጋለች። የአራት ዓመቱ ክፍያ ሁለት መቶ ስድሳ ሺህ ብር ነው። አጎቴ ከሚሠሩበት የዱቄት ፋብሪካ የብድርና ቁጠባ ማኅበር በስማቸው ይበደራሉ፤ ራዕይ ተመርቃ ስትቀጠር ትመልስላቸዋለች። ያዋጣል ወይ? ይህን አስልቶ የሚናገር የተማረ ሰው ተፈለገ፤ እኔ ተገኘሁ።

በስሌቱ ውስጥ አንድ እንከን ነበረ። ከስድስት ዓመት በፊት፣ በተቀጠርኩ ሰሞን፣ አጎቴ በሰው ፊት ደመወዜን ጠየቁኝ፤ የአለቃዬን ነገርኳቸው። ከዚያ ወዲህ ውሸቴ በየዓመቱ ጭማሪ አግኝቷል። ደመወዜ ያገኘው ሁለት ጊዜ ነው። ዛሬ ውሸቴ ሠላሳ አንድ ሺህ ብር ደርሷል፤ እኔ አሥራ አንድ ሺህ አራት መቶ ላይ ነኝ።

ሰንጠረዡ ያምር ነበር። ግብር ቀንሻለሁ፤ የጡረታ መዋጮ ቀንሻለሁ፤ ዓምዶቹን ቀለም ቀብቻለሁ። በማላገኘው ደመወዝ ላይ ትክክለኛውን ግብር ማስላት ለሕሊና ዕረፍት ይሰጣል።

“ከተጣራው ደመወዝ ግማሹን ብትመልስ፣” አልኩ፣ “በሃያ ስድስት ወር ትጨርሳለች።”

“ሃያ ስድስት!” አሉ ጋሽ ጥሩነህ። “እኔ ይህን ጣሪያ ያለበስኩበትን ብድር ስድስት ዓመት ነው የከፈልኩት።”

“ወለዱስ?” አለች ራዕይ።

“ትንሽ ነው።” አላስገባሁትም ነበር።

“ደግሞ ይሄ ስድስት ዓመት የሠራ ሰው ደመወዝ ነው። የኔ የመጀመሪያ ዓመት የታል?”

“አንቺ ልጅ፣ አታቋርጪው!” አሉ እናቷ። “ሥጋው ይበላሻል።”

አጎቴ ተነሥተው ትከሻዬን መታ መታ አደረጉ። “እንግዲህ ያዋጣል። ዋስም አለን።”

“ማነው ዋሱ?” አልኩ።

“አንተ ነሃ፣ ግሩም! ማኅበሩ ደመወዙ ከሃያ ሺህ ያላነሰ ዋስ አምጡ ይላል። የእህቴ ልጅ እያለልኝ የሰው ደጅ ልጥና? ሰኞ ጠዋት የደመወዝ ማስረጃህን ይዘህ ና። ማኅተም ያለበት።”

የመሥሪያ ቤታችንን የደመወዝ ማስረጃ የምትጽፈው ቤተልሄም ናት። ቤተልሄም ለማንም አንድ ብር አትጨምርም።

ሕመም አሰብኩ። የመስክ ሥራ አሰብኩ። የማኅተም መጥፋት አሰብኩ። የኮሌጁ ምዝገባ ግን ማክሰኞ ያበቃል፤ ራዕይም ዓይኗን ከእኔ አልነቀለችም። ዝም ብል ምዝገባው ያልፋታል፤ ብናገር አባቷ ሐሳባቸውን ይለውጣሉ።

“ጋሼ፣ አንድ ቁጥር ላርም።”

ሠላሳ አንድ ሺሁን አጥፍቼ አሥራ አንድ ሺህ አራት መቶ ጻፍኩ። ኮምፒውተሩ ምክንያቱን አልጠየቀኝም። ከታች ያለው ረድፍ ስድሳ አንድ ወር አለ።

“የማን ነው ይሄ?” አሉ አጎቴ።

“የኔ።”

“ከመቼ ጀምሮ?”

“ከዓምና። በፊትማ ያንስ ነበር።”

እትዬ ዘመነች አፋቸውን በነጠላቸው ያዙ። “በየፋሲካው ይዘህልን የምትመጣው በግስ?”

“በብድር ነው።”

“ከማን?”

“ከአለቃዬ።” ደመወዙንም በጉንም የተበደርኩት ከአንድ ሰው ነበር።

“እኔ ደግሞ ለፋብሪካው ሁሉ ‘ግሩም፣ ግሩም’ ስል!” አሉ ጋሽ ጥሩነህ። “ዘበኛው እንኳ ደመወዝህን ያውቃል! በቃ፣ ቀርቷል። እስከ ስድሳ አንድ ወር ድረስ ማን ይኖራል?”

ራዕይ ላፕቶፑን ወደ ራሷ ሳበችው፤ ገመዱ እስከፈቀደላት ድረስ።

“ግሩሜ፣ ሥራውን ትወደዋለህ?”

“አብዛኛውን ቀን ፕሪንተር ውስጥ የተቀረቀረ ወረቀት አወጣለሁ።”

“ሌላውን ቀንስ?”

ለዚህ ያዘጋጀሁት ውሸት አልነበረኝም። “መድኃኒት ነው የምናስመጣው። በሰኔ ወር፣ ጊዜው ሊያልፍበት የተቃረበውን መድኃኒት ቀድሞ የሚለይ ፕሮግራም ሠራሁ። ከዚያ ወዲህ አንድም ካርቶን አልተጣለም። ማንም ምንም አላለኝም። ፕሮግራሙን የጨረስኩ ዕለት ግን ከመሥሪያ ቤቴ፣ ከጦር ኃይሎች፣ እስከ ቤቴ በእግሬ ሄድኩ፤ ታክሲ አጥቼ አይደለም።”

እሷ መጻፍ ጀመረች። ወለዱን አስገባች። ደመወዙን ወደ ዘጠኝ ሺህ፣ አዲስ ተመራቂ ወደሚቀጠርበት አወረደችው። በተመረቅሁበት ሙያ ስድስት ዓመት የቆየሁት እኔ ያዘጋጀሁትን ሰንጠረዥ አንዲት የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጅ በሦስት ደቂቃ አስተካከለችው።

“መቶ አሥር ወር፣” አለች። “አባዬ፣ ትክክለኛው ይሄ ነው።”

“ታዲያ!”

“ታዲያማ እገባለሁ። ግሩሜ ሳያውቅ ነው የገባው፤ እኔ አውቄ ነው የምገባው። መቶ አሥሩንም ወር እከፍልዎታለሁ፤ ከፈለጉ አሁን ወረቀት ላይ ልፈርም።”

ጋሽ ጥሩነህ ሰንጠረዡን ተመለከቱ። ወደ እኔ አልተመለከቱም።

“ዋስስ?” አሉ።

ኮታቸውን ደርበው ወጡ፤ ቀጥሎም የጎረቤት በር ሲያንኳኩ ሰማን።

ሰኞ ማኅበሩ ብድሩን ፈቀደ። ዋሱ ያ ጎረቤት፣ ሀምዱ የሚባል የፋብሪካው የጭነት መኪና ሹፌር ነው። ደመወዙ ሃያ ሁለት ሺህ አራት መቶ ብር ነው።