በሳፋ የተመታው ድቤ

እንዳለ ሪያድ ውስጥ በአንድ ሆስፒታል የሕክምና መሣሪያዎች ጠጋኝ ነበር። የልብ ምት የሚቆጥረው ማሽን ሲያብድ የሚጠራው እሱ ነው። ከሥራ መልስ ግን ራውዳ ሰፈር ካለው ቤቱ ሳሎን ጥግ ኮምፒውተሩ ፊት ይቀመጥና ሙዚቃ ይቀዳል፣ ያቀናብራል። የሚሠራበት ፕሮግራም በነጻ የሚታደል፣ የውስጥ አሠራሩም ለፈለገው ሁሉ ክፍት የሆነ ነው። ሌሎች የተሰረቀ ፕሮግራም ሲጭኑ እሱ «የሰው ላብ አልነካም» እያለ ይኮራል። እዚያው ሆስፒታል ነርስ የሆነችው ሚስቱ ትእግስት ደግሞ «ነጻው ፕሮግራምህ ዓርቤን ሁሉ በልቶ ጨረሰው» ትለዋለች።

በ2007 ዓ.ም. ሚያዝያ ላይ የሥራ ባልደረባውና የአገሩ የኮምቦልቻ ልጅ ሙራድ ሊያገባ ሆነ። ሙራድ የላቦራቶሪ ባለሙያ ነው፤ እጮኛው አፊፋ ፋርማሲስት። ሁሉም ነገር ተዘጋጅቶ አንድ ነገር ብቻ ጎደለ።

«አፊፋ ድቤ ሳልሰማ አዳራሽ አልገባም ብላለች» አለ ሙራድ፣ ምሳ ሰዓት ላይ ሳህኑን ገፋ አድርጎ። «ሪያድን ዞርኩት፤ ዲራ ገበያ ድረስ ሄጄ ያገኘሁት ከበሮ ሲመቱት እንደ ቆርቆሮ ይጮሃል።»

«ድቤ ለኔ ምን አላት!» አለ እንዳለ፣ አፉ በሩዝ እንደተሞላ። «ትሪገር የሚባል ትንሽ ተጨማሪ ፕሮግራም አለ። አንተ ይሄን ጠረጴዛ ብትመታ፣ እሱ ምቷን ይሰማና በቦታዋ የድቤ ድምፅ ይተካበታል። ጠንክረህ ስትመታ ጠንካራ ድቤ፣ ቀስ ስትል ለስላሳ። የድቤውን ድምፅ ደግሞ አምና አገር ቤት ሄጄ ቀድቼ መጥቻለሁ።»

እውነቱን ነው፤ ቀድቷል። ድቤ መቺውን አቶ ይመርን «አንዴ ብቻ ይምቱና ዝም ይበሉ» ብሎ ሲለምናቸው ሰውየው ክፉኛ አዝነውበት ነበር። «ልጄ፣ ድቤን አንዴ መትቶ ዝም ማለት ሰው ጠርቶ በር መዝጋት ነው» አሉት። ቢሆንም ሃያ ምት፣ እያንዳንዱን ለየብቻ፣ እየተነጫነጩ መቱለት።

ዘፈኑን የአፊፋ ጓደኛ ሩቂያ ወደ እንዳለ ቤት መጥታ በጥሩ ድምፅ አንጎራጎረችው። የቀረው የመቺ እጅ ነው። እጅ ያላት ደግሞ የአፊፋ የአክስት ልጅ አይሻ ናት። አይሻ ዑረይጃ ሰፈር ሰው ቤት ውስጥ ተቀጥራ የምትሠራ፣ አገሯ ሳለች ግን ያለሷ ሰርግ የማይሞቅ ድቤ መቺ ነበረች። ከቤት የምትወጣው በስንት ልመና ስለሆነ፣ ዘፈኑን በአሮጌ ሞባይሏ በጆሮ ማዳመጫ እየሰማች በአዲሱ እየቀዳች በዋትስአፕ እንድትልክ ተስማሙ።

የመጀመሪያው ቅጂ እሑድ ከሰዓት ደረሰ። መግቢያው ላይ አይሻ ለስለስ ብላ ትናገራለች፦

«ወንድሜ እንዳለ፣ አሰላሙ ዓለይኩም። ሳፋ ገልብጬ ነው የመታሁት። ልብስ ማጠቢያው ክፍል ስለሆንኩ ትንሽ ድምፅ ሊኖር ይችላል፤ አፉ በለኝ።»

እንዳለ ደስ ብሎት ቅጂውን ከፈተ፣ ትሪገሩን ጫነበት፣ ድምፅ ማጉያውን ከፍ አድርጎ አስነሳው።

ትእግስት ሽንኩርት የምትከትፍበትን ቢላዋ እንደያዘች ከወጥ ቤት ሮጣ ወጣች። «እንዳለ! ፎቁ እየፈረሰ ነው?»

ፎቁ አልፈረሰም። አይሻ «ትንሽ ድምፅ» ያለችው ልብስ ማጠቢያ ማሽኑ ነበር፤ ያውም ልብስ ሊጨምቅ ሲሽከረከር። ትሪገሩ ታማኝ አሽከር ነውና እያንዳንዷን ግርግርታ ወደ ድቤ ለውጦ፣ የአቶ ይመርን ሃያ ምት እንደ በረዶ ቆርቆሮ ጣሪያ ላይ አወረደው።

«ይስተካከላል» አለ እንዳለ። ፕሮግራሙ «ከዚህ በታች ያለውን ድምፅ አትስማ» የምትባል መቆጣጠሪያ አለው። ከፍ አደረጋት። ማሽኑ ዝም አለ፤ ግን የአይሻ የግራ እጅ ለስላሳ ምቶችም አብረው ጠፉና የቀረው ድቤ አንድ እግሩን የታመመ ሰው ደረጃ ሲወጣ መሰለ። ዝቅ አደረጋት። ግራ እጇ ተመለሰ፤ ግን ጭራሽ ያልታሰበ ድቤ ይዞ መጣ። ሦስት ምት፣ ጸጥታ፣ እንደገና ሦስት ምት። ከዚያ ሁለት ለስለስ ያሉ።

ምን እንደሆነ ግራ ቢገባው ትሪገሩን አጥፍቶ ጥሬውን ቅጂ አዳመጠ።

ቋ! ቋ! ቋ! «ያ አይሻ!» ቋ! ቋ! ቋ! «መጣሁ ማማ፣ መጣሁ!»

ሦስቱ ምት ወለል የሚመታ እንጨት ነው። ሁለቱ ለስላሳ ምቶች የአይሻ «መጣሁ» እና «መጣሁ» ናቸው።

ደወለላት። «እህቴ አይሻ፣ ያ ቋቋታ ምንድን ነው?»

«ውይ፣ እሱ ማማ ኑራ ናት። የማዳሜ እናት። ስትፈልገኝ ወለሉን በምርኩዟ ትመታለች።»

«በምርኩዙ እንዳትመታ ማድረግ አይቻልም?»

«ወንድሜ፣ አንተ ድቤ ነው የምታስተካክለው ወይስ ማማ ኑራን? እሷን ያስተካከለ እስካሁን አልተወለደም። ግን አብሽር፣ ከዙህር ሶላት በኋላ ትተኛለች፤ ረቡዕ ማሽኑን አጥፍቼ እሞክራለሁ ኢንሻአላህ።»

ሰርጉ ዓርብ ነው። ረቡዕ ካልተሳካ ሌላ ዕድል የለም።

ረቡዕ አመሻሹ ላይ ቅጂው መጣ። እንዳለ ትሪገሩን ሳይነካ መጀመሪያ ጥሬውን ከፈተ። ማሽን የለም፣ ምርኩዝ የለም። ሳፋው እንደ ልቡ ይመታል፤ ግራ እጇ ቀኟን እየተከተለ፣ አንዳንዴም እየቀደመ። እንዳለ ዓይኑን ጨፍኖ ሊደሰት ሲል በር ሲከፈት ሰማ። ሳፋው ዝም አለ።

«ምንድን ነው የምትሠሪው?» የአሮጊት ድምፅ፣ በአረብኛ።

«ማማ… ሰርግ… የአክስቴ ልጅ ሰርግ ነው።»

እንዳለ ወንበሩ ላይ ተቁነጠነጠ። በሱ ድቤ ሰበብ ልጅቷ ከሥራዋ ልትባረር ነው።  ከዚያ የፕላስቲክ ወንበር ወለሉ ላይ ሲጎተት ተሰማ።

«እጅሽ ጥሩ ነው» አሉ። «ግን ትጣደፊያለሽ። ያላ፣ ከመጀመሪያው!»

አይሻ ዘፈኑን መለሰችና እንደ አዲስ ጀመረች። በሁለተኛው ስንኝ ላይ ቋ! ቋቋ! እያለ ምርኩዙ ገባ። ማማ ኑራ የገጠር ልጅ ነበሩ፤ በሳቸው መንደር ሰርግ የሚመታውን ምት ከአይሻ ምት መሐል እየሰነቀሩ ዘፈኑን እስከ መጨረሻው አብረው ወረዱት። ሲያልቅ «ኸላስ፣ አሁን ሰርግ መሰለ» ሲሉ ይሰማል።

ትሪገሩ ሲጫንበት ሁሉንም ድቤ አደረገው፤ ሳፋውንም፣ ምርኩዙንም፣ ወንበሩንም። ሁለት ድቤ መቺዎች በአንድ በር እኩል ለመውጣት የሚጋፉ ይመስል ነበር። እንዳለ ራሱን ይዞ ተቀመጠ።

መላው የመጣለት ሐሙስ ሥራ ላይ ነው። አንዲት ነርስ «ማሽኑ የታማሚውን ልብ ምት እጥፍ እየቆጠረ ነው» ብላ ጠራችው። ሄዶ ሲያየው ሽማግሌው ብርድ ብርድ ብሏቸው ይንቀጠቀጣሉ፤ ማሽኑ መንቀጥቀጡንም እንደ ልብ ምት ይቆጥራል። እንዳለ የማሽኑን ማጣሪያ አስተካክሎ መንቀጥቀጡን ለየና እጁን ማሽኑ ላይ እንዳደረገ ደርቆ ቀረ።

«የሳፋው ድምፅ ወፍራም ነው፤ የምርኩዙ ቀጭን!» አለ ጮክ ብሎ።

ሽማግሌው በፍርሃት ነርሷን አዩዋት።

ቤቱ እንደገባ ሁለት ትሪገር አቆመ። አንዱ ወፍራሙን ድምፅ ብቻ እየሰማ ድቤ እንዲያደርግ፣ ሌላው ቀጭኑን ብቻ እየሰማ ጭብጨባ እንዲያደርግ። ጭብጨባ ግን አልቀዳም ነበር። ትእግስትን ለመናት። ስምንት ጊዜ አጨበጨበች፤ ሰባቱ የሰለቸው ሰው ጭብጨባ ነበር፣ ስምንተኛው ላይ ተናዳ ስለነበር በጣም አማረ። እሱኑ ወሰደ። ዘፈኑን ሲያስነሳው ድቤው እንደ ኮምቦልቻ ሰርግ፣ ጭብጨባው መሐል እየገባ፣ የሩቂያ ድምፅ ከላይ እየተንሳፈፈ ወረደ። ትእግስት ወጧን ልታማስል ዞር ብትልም ትከሻዋ ሳያስፈቅዳት ተንቀሳቀሰ። እንዳለ ያንን አይቶ በቃኝ አለ።

ዓርብ ከአስር ሶላት በኋላ ሰርጉ ለዚሁ በተከራዩት ኢስትራሃ በሚባል የድግስ ግቢ ተጀመረ። ግቢው ሁለት አዳራሽ አለው፤ ወንዶች በአንዱ፣ ሴቶች በሌላው፣ መሐላቸው ግድግዳ። እንዳለ ኮምፒውተሩን ለትእግስት አስረክቦ «ይቺን ብቻ ተጫኚ፣ ሌላ ምንም አትንኪ» ብሎ ሦስቴ ከነገራት በኋላ ወንዶቹ ዘንድ ሄዶ ግድግዳው ሥር ቦታ ያዘ። የድካሙን ፍሬ በግድግዳ ሊሰማ ነው።

አፊፋ ስትገባ እልልታው ግቢውን ሞላው። ድቤው ወረደ። ወንዶቹ ጆሯቸውን አቆሙ። ሙራድ የእንዳለን ጉልበት ጨበጥ አድርጎ «ወላሂ፣ አቶ ይመር እዚህ አሉ» አለው። እንዳለ ደረቱን ነፋ።

ሁለት ደቂቃ ተኩል ላይ ግን፣ ቋ!

እንዳለ ብድግ አለ። ያንን ምት እሱ አላስገባም። ቋ! ቋቋ! ይባስ ብሎ መጣ። ወዲያው ደወለ።

«ትእግስት! ትሪገሩ ሁለቴ እየመታ ነው! ከታች በኩል ያለችውን…»

«እዚህ የሚስተካከል ነገር የለም!» ትእግስት ከጩኸቱ በላይ ለመሰማት ትጮሃለች። «ሰው ናት! ማማ ኑራ ናት!»

ለካ አይሻ ምርኩዙ ዘፈኑ ውስጥ እንደገባ ለአሮጊቷ ነግራቸዋለች። እሳቸውም «እንግዲያው ሄጄ እሰማዋለሁ» ብለው ልጃቸውን መኪና እንዲያስነሳ አዘዙ፤ አይሻንም አስከትለው መጡ። ቁጭ ብለው ቢያዳምጡ ሳፋው ድቤ ሆኗል፤ ምርኩዛቸው የለም። በቦታው የማያውቋት ሴት ታጨበጭባለች።

«ምርኩዜ የታለ?» ይላሉ ማማ ኑራ፣ በትእግስት ስልክ እስከ እንዳለ ጆሮ ድረስ። ከዚያም «ይህን ዝጉት! አይሻ፣ ያላ!»

ድቤው ተቋረጠ። ከኢስትራሃው ወጥ ቤት ሩዝ የተቀቀለበት ባዶ ብረት ድስት ተገልብጦ ለአይሻ ቀረበላት። ቀጥሎ የሆነውን እንዳለ በዓይኑ አላየም፤ ግድግዳው ግን ነገረው። ድስቱ ከታች፣ ምርኩዙ ከላይ፣ የሴቶቹ እግር ከመሐል። ወንዶቹ አንድ በአንድ ተነሱ። ሙራድ ሙሽራነቱን ረስቶ ዘለለ።

እንዳለ ብቻ ተቀምጦ ቀረ። ስንት ቀን ደክሞ ሁለት ደቂቃ ተኩል! ያለማሽን፣ ያለማጣሪያ በአንድ ድስት ተሸነፈ።

ሙራድ ላቡን እየጠረገ መጥቶ ክንዱን ያዘው። «አብሽር፣ ያቺ የመጀመሪያዋ ሁለት ደቂቃ ማሻአላህ ነበረች። አሁን ግን ተነስ!»

ጎትቶ አስነሳው። እንዳለ ለይሉኝታ ያህል ሁለቴ ከዘለለ በኋላ ማኩረፉን ረሳው።

ሲበተኑ ማማ ኑራ በር ላይ በአይሻ ትከሻ ተደግፈው አገኙት። ከኒቃቡ ዓይናቸው ብቻ ይታያል፤ እሱም በቂ ነበር።

«አንተ ነህ ምርኩዜን ጭብጨባ ያደረግኸው?»

«ይቅርታ እናቴ፣ ማሽኑ ነው» አለ እንዳለ በተሰባበረ አረብኛ።

«ማሽኑ ጆሮ የለውም። አንተ አለህ።»

አይሻ ሳቋን ለመዋጥ ፊቷን ወደ መኪናው አዞረች።

ቅዳሜ ጠዋት እንዳለ ኮምፒውተሩን ከፍቶ የትእግስትን ጭብጨባ አጠፋ፤ ምርኩዙን ከነጥሬ ድምፁ መለሰው። ሳይወድ በግድ አመነ፤ እንዲያውም ተሻለ። ለአይሻ ላከላት። ከሰዓት በኋላ በድምፅ መልስ መጣ፦

«ወንድሜ፣ ማማ ኑራ አራቴ ሰማችው። ምርኩዙ ጥሩ ነው፣ ድቤው ግን በዛ፣ ቀንስልኝ ብላለች። ቀጣዩ ሰርግ መቼ እንደሆነም ጠይቂልኝ ብላኛለች፤ አብረን እንሄዳለን።»

ከደቂቃ በኋላ ሌላ መልእክት ተከተለ፤ ይሄኛው በሹክሹክታ ነው፦

«ወላሂ ድቤውን እንዳትቀንሰው።»

ትእግስት ከጀርባው ቆማ ስታዳምጥ ነበርና በሳቅ ፈረሰች። እንዳለ ሁለት ቅጂ ሠራ። በአንደኛው ምርኩዙ፣ በሁለተኛው ድቤው ጎላ። አንዱን «ለማማ»፣ ሌላውን «ለአይሻ» ብሎ ሰየማቸውና ላካቸው። ከዚያ ለሙራድ ደውሎ፣ በሚቀጥሉት ሳምንታት የሚያገባ ዘመድ ይኖረው እንደሆነ ጠየቀው።