እርስዎ እንደተረዱት

እኔ ስድብ እየሰማሁ ደመወዝ የምበላ ሰው ነኝ። የምሠራው የሕዝብን አስተያየት የሚያጠና መሥሪያ ቤት ውስጥ ነው። በኮምፔንሳቶ በተከለለች አንዲት ጠባብ ቦታ እቀመጥና፣ ከእኔ በፊት የነበረችው ልጅ ሽቶ ያልለቀቀውን ማዳመጫ ጆሮዬ ላይ አደርጋለሁ። ኮምፒውተሩ በዘፈቀደ ይደውላል፤ ለሚያነሣው ሰው ስክሪኑ ላይ የተጻፈውን ጥያቄ አነባለሁ። ቃል መጨመር ክልክል ነው፣ መቀነስም ክልክል ነው። ሰውየው «ምን ማለትሽ ነው?» ቢለኝ የተፈቀደልኝ መልስ አንድ ብቻ ነው፤ «እርስዎ እንደተረዱት»። መልሱን ሲጨርስ ደግሞ «ሌላስ?» እላለሁ። የሚያውቁኝ ሰዎች ይህን ሲሰሙ በሳቅ ይሞታሉ። እኔ እኮ ታክሲ ውስጥ እንኳ የማያገባኝ ክርክር ውስጥ ካልገባሁ የሚያመኝ ሴት ነኝ!

ያን ወር የምንጠይቀው ስለ ምክር ቤት አባላት ነበር። እኔ እንድደውልለት የደረሰኝ የምርጫ ክልል አባል ደግሞ አባቴ ነው። ዕድሜውን ሙሉ ሒሳብ ሲያስተምር ኖሮ፣ አርፎ በሚቀመጥበት ጊዜ የገባበት ጣጣ ነው። ለአለቃችን ገና በመጀመሪያው ቀን ነገርኩት። አለቃችንን «ጆሮ» ነው የምንለው፤ መስታወት ጀርባ ተቀምጦ የሁላችንንም ስልክ ይሰማል።

«ሌላ ሰው የለኝም» አለኝ። «ቁጥሩን የሚመርጠው ኮምፒውተሩ ነው፣ ጥያቄውንም አንቺ አልጻፍሽው። አንዲት ቃል ከጨመርሽ ግን በገባሽበት በር ትወጫለሽ።»

አባቴ ለፓርቲው ቃል ሰጥቶ ነበር። «ሕዝቡ አንፈልግህም ካለ በሚቀጥለው ምርጫ አልወዳደርም» ብሏል። ፓርቲው የሕዝቡን ሐሳብ የሚያየው ደግሞ በእኛ ጥናት ነው። ስለዚህ የአባቴን ፍርድ በገዛ ጣቴ እየጻፍኩ ነበር ማለት ነው።

ጠዋት ጠዋት ሬዲዮ ላይ የሚያወራ አንድ ጋዜጠኛ አለ፤ አገሩ ሁሉ «ምላሱ» ይለዋል። ሲያወራ ማር ነው። ታክሲው፣ ፀጉር ቤቱ፣ ዳቦ ቤቱ እሱን ከፍቶ ነው የሚውለው። እኔም እወደው ነበር፣ ለምን እዋሻለሁ! አንድ ቀን ጠዋት አባቴን አነሣው። «ይሄ ሰውዬ ሕግ አያወጣም፣ ወንበር ነው የሚያሞቀው» አለ። «ወንበር አሟቂ! ዶሮ እንኳ ብንመርጥ እንቁላል ይፈለፈልልን ነበር።» ታክሲው በሙሉ ሳቀ። እኔ በመስኮት ወደ ውጭ አየሁ።

ቢሮ ገብቼ ስልኩን ላነሣው የመጀመሪያ ሰው ጥያቄውን አነበብኩ። አንዲት ልብስ ሰፊ ነበረች። «እኔ እንደማየው እሱ ወንበር አሟቂ ነው» አለችኝ። ቀጥሎ አንድ መካኒክ፣ «በእኔ በኩል ወንበር አሟቂ ነው የምለው»። ከሰዓት በኋላ አንድ የዩኒቨርሲቲ መምህር መጣልኝ። ጎሽ፣ የተማረ ሰው አገኘሁ አልኩ። እሱማ ዶሮዋንም ጨመረልኝ!

ወይ ጉድ! ስድቡ አንጀቴን ቢያቃጥለውም መደነቄ በለጠ። አንድ ሰው ጠዋት ጉሮሮውን ጠርጎ የወረወራት ቃል፣ ፀሐይ ሳትጠልቅ በማይተዋወቁ ሰዎች አፍ ሁሉ ገብታ ትገኛለች። እያንዳንዱም «እኔ እንደማየው» ብሎ ነው የሚጀምረው። ይዋሻሉ እንዳልል አይዋሹም፤ ከልባቸው ነው። ሰው ራሱ ሳያይ የሌላ ሰው ዓይን ሲያውሱት አያችሁ?

የሚቀጥለው ጥያቄ «ይህን ያሉበትን ምክንያት በአንድ ምሳሌ ይንገሩኝ» ይላል። እዚህ ላይ አንዳንዱ ያስላል፣ አንዳንዱ ሚስቱን ይጠራል። «ሌላስ?» እላለሁ ደንቡ ነውና። «ሌላማ ምን አለ? ወንበር አሟቂ ነዋ!» የማዳመጫውን ገመድ ጣቴ ላይ ጠምጥሜ ደሙ እስኪቆም እይዘዋለሁ።

ቤት ስገባ አባቴ «እንዴት ዋልሽ?» ይለኛል። የሰው መልስ አውጥቶ መናገር አይፈቀድም፤ «ደህና» እላለሁ። ፊቴን ያየውና «ግድ የለሽም፣ ዝም አይነቅዝም» ብሎ ወደ ወረቀቶቹ ይመለሳል። ያን ጊዜ አንስቼ ብወረውራቸው ደስ ይለኝ ነበር።

ጥናቱ ሊያበቃ ሲቃረብ ኮምፒውተሩ ደወለ፣ ስልኩ ተነሣ።

«አቤት» አለ ድምፁ።

አባቴ ነው። ስክሪኑ ላይ ቁጥር አይታይም፣ ግን የአባቴን «አቤት» እስታለሁ? ቀና ስል ጆሮ መስታወቱ ጀርባ ማዳመጫውን አጥብቆ ይዟል፤ እየሰማኝ ነው። የተጻፈውን አነበብኩ። «እንደምን ዋሉ። ስለ ምክር ቤት አባላት አስተያየት እያሰባሰብን ነው። ጥቂት ጥያቄ ልጠይቅዎት?»

ወረቀት ሲያጥፍ ሰማሁት። አወቀኝ።

«ይጠይቁኝ፣ እመቤቴ» አለ።

ከተወለድኩ እርስዎ ብሎኝ አያውቅም፤ እኔም አንተ እያልኩ ነው ያደግሁት። «የምክር ቤት አባልዎን ሥራ እንዴት ይመዝኑታል? በጣም ጥሩ፣ ጥሩ፣ ደካማ፣ ወይስ በጣም ደካማ?»

«ሥራ ሲሉ?»

«እርስዎ እንደተረዱት።»

«እንግዲያው ደካማ ነው።»

«ደካማ» የሚለውን እንደ ምንም ነካሁት። «ይህን ያሉበትን ምክንያት በአንድ ምሳሌ ይንገሩኝ።»

«ከወንዙ ማዶ ያለው ሰፈር መንገዱ ጠባብ ነው፣ የእሳት አደጋ መኪና አይገባበትም። ይህ ሰው ያውቃል፤ መንገዱን በእግሩ ሄዶ ለክቶታል። በጀት ሲቀርብ ተነሥቶ መናገር ጀመረ። አፈ ጉባኤው ‹ጊዜዎ አልቋል፣ ይቀመጡ› አሉት። ተቀመጠ። በዓመቱ ሰፈሩ ተቃጠለ። ሰው ሞተ።»

«ሌላስ?» አልኩ።

«ሌላው፣ ሬዲዮው ወንበር አሟቂ ይለዋል። ሐሰት ነው፤ ከስብሰባ ቀርቶ አያውቅም፣ ወረቀቱን ሳያነብ እጁን አያወጣም። ያን ቀን ግን መቀመጥ አልነበረበትም። በሌለበት ነገር የሚሰድበው ሞልቷል፤ ስለዚያ ቀን የጠየቀው አንድም ሰው የለም።»

እግዚኦ! አባቴ ነው፣ አንድ ቤት ነው የምንኖረው፣ ይህን ነገር በልቡ ይዞ እንደሚውል አላውቅም ነበር። ስንቱን ስጠይቅ ከርሜ፣ በገዛ ዓይኑ ያየውን የነገረኝ አንድ ሰው አገኘሁ፤ እሱም በራሱ ላይ መሰከረ። የሆነ ትልቅ ነገር ፊት እንደ ቆምኩ ተሰማኝ።

«በሚቀጥለው ምርጫ ይመርጡታል?»

«አልወሰንኩም ብለው ይጻፉልኝ። ነገ በጀቱ እንደገና ይቀርባል።»

የመጨረሻው ጥያቄ ቀረ። «እርስዎ ወይም ከቤተሰብዎ አንዱ በምርጫ የተያዘ ሥልጣን አለው?» አለ ካሉ ቃለ መጠይቁ በሙሉ ይሰረዛል፤ ደንብ ነው። የለም በል፣ አባዬ፣ የለም በል አልኩ በልቤ። ያ ቃል እንዲጠፋ አልፈለግሁም።

«አለ» አለ።

ኮምፒውተሩ «ውድቅ» ብሎ ሰረዘው።

«ስለ ትብብርዎ እናመሰግናለን።»

«እኔም አመሰግናለሁ። ጎበዝ ሠራተኛ ነዎት» አለና ዘጋው።

መታጠቢያ ቤት ገብቼ እንደ ሕፃን ተንሰቀሰቅሁ። ስመለስ ጠረጴዛዬ ላይ አንድ ብርጭቆ ውሃ ተቀምጧል። ጆሮ በመስታወቱ በኩል አየኝና ማዳመጫውን አጠለቀ።

በማግስቱ ግድግዳው ላይ ያለው ቴሌቪዥን የምክር ቤቱን ስብሰባ በቀጥታ ያሳይ ነበር። አባቴ ተነሣ። ስለዚያ ሰፈር ተናገረ። አፈ ጉባኤው «ይቀመጡ» አሉት። አልተቀመጠም። ደግመው አሉት። አልተቀመጠም! ማይኩ ተዘጋበት፤ ድምፁ ጠፋ፣ አፉ ግን ይንቀሳቀሳል። የአንገቱ ሥር ተገትሯል። ሁለት የጥበቃ ሰዎች መጥተው ግራና ቀኙ ቆሙ፤ ሽማግሌ መንካት አፍረው እርስ በርስ ይተያያሉ። ጆሮ እንኳ ከመስታወቱ ጀርባ ወጥቶ ቆሟል።

ፓርቲው በሳምንቱ ስሙን ከዕጩዎቹ አወጣው። ያውጣው! ምላሱም ወዲያው ሌላ ስም ለጠፈበት። መንገዱም እስካሁን አልሰፋም። ያን ሁሉ አውቃለሁ። እኔ ግን ያቺን ሰዓት አልረሳም፤ ምክንያቱም አባቴ ድምፅ አልባ ሆኖ እየተናገረ ሳለ ኮምፒውተሩ ደወለ፣ አንድ የማላውቀው ሰው አነሣው።

ዓይኔን ከቴሌቪዥኑ ሳልነቅል አነበብኩ። «የምክር ቤት አባልዎን ሥራ እንዴት ይመዝኑታል?» ያቺን ስድብ ለመስማት ጥርሴን ነክሼ ጠበቅሁ።

«ቆዪ እስቲ፣ እህቴ» አለ ሰውየው በሹክሹክታ። «ቆሟል። እያየሁት ነው።»

ተጠያቂው ዝም ካለ ጥያቄው ይደገም ይላል ደንቡ። አልደገምኩም። አብረን አየነው።