ደረጃው ላይ የተቀመጡት

አቶ አስገዶም ከሞቱ በኋላ ፎቶ ላይ ታዩ። ፎቶውን ያነሳችው ማዕዛ ናት፤ ያየቻቸው ግን እሷ አይደለችም። ያዩዋቸው አባቷ ናቸው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ካዛንቺስ ሲፈርስ የነማዕዛም ግቢ አብሮ ፈረሰ። ለአባቷ ለአቶ ካሳይ ገላን ኮንዶሚኒየም ደረሳቸው። ማዕዛ ሰንጋ ተራ ተከራይታ ነው የምትኖረው፣ ቢሮዋ ግን እዛው ካዛንቺስ ቀረ፤ ከድሮ ግቢያቸው ፊት ለፊት፣ ከመንገዱ ማዶ። ከአምስተኛ ፎቅ ኮሪደር መስኮት ቁልቁል ስታይ የቆርቆሮ አጥር አለ። ከአጥሩ ጀርባ ባዶ መሬት። ባዶው መሬት መሃል ደግሞ የድሮ በራቸው የድንጋይ ደረጃ። ግሬደሩ ለምን እንደተወው ማንም አያውቅም። ወደ የትም የማይወስድ ደረጃ ብቻውን ቆሟል።

"በየቀኑ አንድ ፎቶ ላኪልኝ" አሏት አባቷ፣ ገላን በገቡ ሰሞን።

"የምኑን አቦይ? አፈር ነው እኮ የቀረው።"

"የአፈሩን።"

ማዕዛ መጨቃጨቅ አትወድም፤ ጊዜም የላትም። በየጠዋቱ ቦርሳዋን ትከሻዋ ላይ እንዳንጠለጠለች መስኮቱ ጋ ትቆማለች፣ አንድ ታነሳለች፣ በቴሌግራም ትልካለች፣ በቃ። ሕዳር ላይ የቆሻሻው ጭስ ሜዳውን ውጦት ነበር። ታኅሣሥ ላይ ቆርቆሮው በውርጭ ነጣ። ጥር ሲገባ ሰማዩ ጠራ፤ ደረጃው ጥላውን ዘርግቶ ተኛ።

"ካላንደር ልታሳትሚ ነው?" ይላታል ልዑልቃል፣ አጠገቧ ያለው ዴስክ ላይ የሚቀመጠው። "አስራ ሦስቱም ወር ቆርቆሮ?"

"አንተን ሽፋኑ ላይ አወጣሃለሁ። ከቆርቆሮው ትሻል እንደሆነ እናያለን።"

ያኔ ነው፣ ጥር ላይ፣ አባቷ የደወሉት።

"አስገዶም ከየት መጣ?"

"የቱ አስገዶም?"

"የኛው ጎረቤት ነዋ። ደረጃው ላይ ቁጭ ብሏል። ባርኔጣውን አድርጎ።"

ማዕዛ ፎቶውን በጣቷ አሰፋችው። ድንጋይ። "አቦይ፣ መነፅርዎን ይጥረጉት።"

"አንቺ ዓይንሽን ጥረጊ።"

ሳምንቱ ሳያልቅ ወሬው ደረሰ። አቶ አስገዶም በሄዱበት ሰፈር፣ በከተማው በሌላኛው ጫፍ፣ አርፈው ተቀብረዋል። ማን ይንገር? እድሩ እንደ ጨው ዘር ተበትኗል። ድንኳን የሚተክል፣ ጡሩምባ የሚነፋ የለም። አባቷ ከሰሙ በኋላ ሄደው አለቀሱ። በማግስቱ የተላከላቸውን ፎቶ አይተው ደወሉ።

"ሄዷል" አሉ። "ለካ ለቅሶውን ነበር የሚጠብቀው።"

ማዕዛ ተወቻቸው። ሽማግሌ ናቸው፣ ብቻቸውን ናቸው፣ ይበሉ።

ሰኔ ላይ ግን በጠዋት ደወሉ። "ጀማነሽ ዝናብ ላይ ተቀምጣለች። ልጇ ጋ ደውዪ።"

"ምን ብዬ?"

"እንዴት አደራችሁ ብለሽ።"

ወይዘሮ ጀማነሽ ከነሱ በር ትይዩ የነበሩ፣ ሰፈሩን ሙሉ በስድብ ያሳደጉ ሴት ናቸው። ማዕዛ ልጃቸው ዘውዲ ጋ ደወለች። ዘውዲ ስልኩን አነሳች። "ማን ነገረሽ?" አለች። "ሌሊት ነው። ለእህቴ እንኳን ገና አልተነገራትም።"

የዛን ቀን ማዕዛ ስራ መስራት አቃታት። በምሳ ሰዓት መንገዱን ተሻግራ አጥሩ ጋ ሄደች። ጥበቃው ሱሩር ላስቲክ ተከናንቦ ቆሟል።

"እዛ ደረጃ ላይ ሰው ይቀመጣል?"

"አይቀመጥም።"

"በፍፁም?"

ሱሩር ወደ ደረጃው አላየም። "እኔም አልቀመጥም" አለ። "ውሻውም በዛ በኩል አይሄድም።"

እሷም አልገባችም። ተመልሳ አምስተኛ ፎቅ ወጣችና ኮሪደሩ ላይ ቆማ አባቷ ጋ ደወለች። ልትጠይቅ የፈለገችው አንድ ነገር ነው።

"አቦይ። ተስፋለምንስ?"

ተስፋለም ታናሽ ወንድሟ ነው። የኤሌክትሪክ ሰራተኛ ነበር። ጦርነቱ ሊጀመር ሲል ለስራ ሽሬ ሄደ፤ ከዛ መስመሩ ተቋረጠ። መስመሩ ሲከፈት የሰው ሁሉ ስልክ ጠራ፣ የሱ አልጠራም። ሞቷል ያለ የለም። አየሁት ያለም የለም። ስለዚህ ቤቱ አላለቀሰም። መርዶ ሳይመጣ እንዴት ተብሎ ይለቀሳል?

"የለም" አሉ። "ፎቶው ላይ የለም።"

"እርግጠኛ ነዎት?"

"የለም አልኩሽ። በሕይወት አለ ማለት ነው።"

ከዛ ወዲህ ማዕዛ ሌላ ሰው ሆነች። ፎቶውን ትልክና ቆማ ትጠብቃለች። ከገላን አንድ ቃል ይመጣል፤ "የለም"። ያን ጊዜ ማኪያቶዋን ትጠጣለች፣ ኮምፒውተሯን ትከፍታለች፣ ልዑልቃልን ትሰድባለች። ሐምሌ ላይ መስታወቱ በእንፋሎት ታፍኖ በክንዷ እየጠረገች አነሳች። የለም። ነሐሴ ላይ ጉሙ ደረጃውን ጨርሶ ደብቆት ነበር፤ እንደዛም ሆኖ ላከች። የለም። እሁድ እሁድ ሳይቀር የቢሮውን ጥበቃ አስከፍታ ትገባለች። መስከረም ላይ በድንጋዩ ስንጥቅ አደይ አበባ ወጣች። የለም፣ የለም። ወንድሟን በዚህች ቃል አቆየችው። መቼም ሰው የሚይዘው ካጣ ቄጠማም ይይዛል።

ሕዳር ተመልሶ ሲመጣ የኦሎምፒያ መንገድ አንድ ቀን ጠዋት ተዘጋ። ማዕዛ ታክሲ ውስጥ ታሽጋ ቀረች። ሰዓቱ ሄደ። አለቃዋ ስብሰባ ጠርቷል። አባቷ ደግሞ ካልተላከላቸው ቁርስ አይበሉም። ተናደደች። ስልኳን ከፍታ ከድሮዎቹ አንዱን መረጠች፣ የጥር ወሩን፤ ያው ቆርቆሮ፣ ያው ሰማይ፣ ያው ድንጋይ። ማን ይለየዋል? ላከችው።

"የለም" አልመጣም። ስልኩ ጠራ።

"ይሄ የዛሬ አይደለም" አሉ አባቷ።

"እንዴት አወቁ?"

"አስገዶም አለበት።"

ማዕዛ ታክሲው ሙሉ ሰው መሃል በረዳት። "ይቅርታ አቦይ፣ ማለቴ፣ መንገዱ ተዘግቶ ነው።"

"እኔኮ ደነገጥኩ። ሁለቱም ተመልሰው ደረጃው ላይ ሲቀመጡብኝ—"

ንግግራቸውን አቋረጡ።

"ሁለቱም?" አለች ማዕዛ።

ጥር ላይ ወይዘሮ ጀማነሽ በሕይወት ነበሩ። ጥር ላይ አባቷ አየሁ ያሉት አቶ አስገዶምን ብቻ ነው።

"አቦይ፣ ሁለተኛው ማን ነው?"

ስልኩ ተዘጋ።

ማዕዛ ከታክሲው ወረደች። ቢሮም አልሄደች፣ ስብሰባም አልገባች። ሌላ ታክሲ ይዛ ገላን ስትደርስ አባቷ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጠዋል። ስልኩ ጉልበታቸው ላይ ነው፤ ቻርጀሩ እንደተሰካ።

"መቼ ነው ያዩት?"

"መጀመሪያ የላክሽልኝ ዕለት።"

ወንበር ስባ ተቀመጠች።

"ብቻውን ነበር" አሉ። "አስገዶም ሲመጣ፣ ይቅር ይበለኝ፣ ደስ አለኝ። የሚያጫውተው አገኘ ብዬ።"

"በየቀኑ የለም ይሉኝ ነበር።"

"ምን ልበልሽ ልጄ፣ ጓለይ? እውነቱን ብነግርሽ ታለቅሻለሽ። ካለቀስሽ ይሄዳል። አስገዶም ሲለቀስለት ሄደ። ጀማነሽም እንደዛው። እኔ ግን ጠዋት ጠዋት አየዋለሁ። በቃ፣ አየዋለሁ።"

"እስከ መቼ?"

"እኔ እስክሄድ። ያኔ አብረን እንሄዳለን።"

ማዕዛ ወንበሩን ወደሳቸው አስጠጋች። "ምን ለብሷል?" አለች።

"ያንን የስራ ቱታውን። ክረምቱን በሱው ነው ያሳለፈው። ረጥቧል። ፀሐይ ከወጣም ወዲህ አልደረቀለትም።"

"አሁንም ደረጃው ላይ ነው?"

አባቷ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።

"አቦይ።"

"ከደረጃው ከተነሳ ቆየ። ሐምሌ ላይ አጥሩን ይዞ ቆሞ ነበር። መስከረም ላይ ከአጥሩ ወጣ። ከዛ መንገዱን ተሻገረ፣ ቀስ እያለ፣ በቀን ትንሽ ትንሽ። ትላንት መስኮትሽ ስር ነው የቆመው። ቀና ብሎ አንቺን ያያል። አፉ ይንቀሳቀሳል።"

"ምን ይላል?"

"ፎቶ ድምፅ የለውም።"

ማዕዛ ስልኩን ከጉልበታቸው አነሳችና የትላንቱን ፎቶ አሰፋችው። ደረጃው ባዶ ነው። አጥሩ ጋ ማንም የለም። መንገዱ ላይ አንድ ቪትዝ ቆማለች። ወደ ታች ሳበችው፣ እስከ ፎቶው ጠርዝ፣ እሷ ቆማበት ከነበረው መስኮት ስር። ሰው የለም።

ሕዳር ነው። ጠብታ ዝናብ ከጣለ ወር አልፎታል። አስፋልቱ ደርቆ አቧራ ለብሷል። እዛ ጋ ግን፣ ጠርዙ ላይ፣ ሁለት እግር የሚያህል ቦታ ርሶ ጠቁሯል። ከሱ ኋላ መንገዱን ተሻግሮ እስከ አጥሩ የሚሄድ እርጥብ መስመር አለ።

ስልኩን በግንባሩ ደፍታ አልጋው ላይ አስቀመጠችው።

"ነገም ላኪልኝ" አሉ አባቷ። እጇን ያዙ። "አንድ ጊዜ ብቻ በደንብ ወደ ታች አድርገሽ አንሺው። ፊቱ እየተቆረጠብኝ ነው።"

"እሺ" አለች።

ቁርስ አቀረበችላቸው፣ እስኪበሉ ጠበቀች፣ ወጣች። ደረጃ እየወረደች አቶ ሐጎስ ጋ ደወለች። የድሮው እድር ዳኛ ናቸው፤ አሁን ወሎ ሰፈር ልጃቸው ጋ ነው የሚኖሩት።

"ጋሽ ሐጎስ፣ የተስፋለም መርዶ መጥቷል።"

"ማን አመጣው?"

"ያየው ሰው።"

"የሚታመን ነው?"

"ነው።"

"ካሳይ ሰምቷል?"

"ነገ ጠዋት እንንገራቸው። ሰው ይሰብስቡልኝ።"

በማግስቱ ማዕዛ መስኮቱ ጋ አልሄደችም። ነጠላዋን ዘቅዝቃ ለብሳ፣ አቶ ሐጎስንና የተገኙትን የእድር ሰዎች ይዛ ገና ሳይነጋ ገላን ደረሰች። ሽማግሌዎቹ ደረጃው ላይ ቆም ብለው ትንፋሽ ሲሰበስቡ አልጠበቀቻቸውም። ቀድማቸው ወጥታ የአባቷን በር አንኳኳች።