ከኦርድ ቀጥሎ

ካፒቴን ሂዩ ትሬስኮት መርከብ ካዘዘ ሃያ ሁለት ዓመት ሆኖታል። ከፈረንሳይ ጋር የነበረው ጦርነት ሲያበቃ የእንግሊዝ ባሕር ኃይል በግማሽ ደሞዝ ጎስፖርት በምትባል የወደብ ከተማ ጣለው፤ ከዚያ ወዲህ ሥራው መጠበቅ ሆነ። ካፒቴን አድሚራል የሚሆነው በጀግንነት ሳይሆን በተራ ነው። ከላይ ያለው ሲሾም ወይም ሲሞት ከታች ያለው አንድ እርከን ይወጣል። ትሬስኮት በየዓመቱ የሚታተመውን የመኮንኖች ዝርዝር እየገለጠ የሞቱትን በእርሳስ ሲሰርዝ ኖሮ፣ በሰባ አንድ ዓመቱ ከላዩ አንድ ሰው ብቻ ቀረ። እሱም አምብሮዝ ኦርድ ነው፤ በልጅነታቸው አብሮት አንድ መርከብ ላይ የተሳፈረ፣ ዛሬ ደግሞ ጎረቤቱ የሆነ ወዳጁ።

ኦርድ ክረምቱን አልጋ ላይ ነው የከረመው። ትሬስኮት በየጠዋቱ ይጠይቀዋል።

«መጣህ? ትንፋሼን ልትቆጥር ነው?» ይለዋል ኦርድ፣ ሳል እያቋረጠው።

«ያንተ ነገር መቼ ቶሎ ይሆናል። ድሮም ዘገምተኛ ነህ።»

«ሹመቱ ቅዳሜ ይወጣል። ያለችው አንድ ቦታ ናት። እስከዚያ አልሞትልህም፣ ቁርጥህን እወቅ።»

ይሳሳቃሉ። ትሬስኮት ቤቱ ሲገባ ግን በሳቁ ያፍራል።

ሐሙስ ጠዋት በሩን የከፈተችለት የኦርድ ሚስት ሉዊዛ ነበረች። አስገብታው በሩን ቀረቀረችው።

«ሂዩ፣ አምብሮዝ ንጋት ላይ አረፈ።»

ባርኔጣውን አወለቀ።

«ማንም አላወቀም። ሠራተኛዋን እናቷ ዘንድ ልኬያታለሁ። ሁለት ቀን ብቻ ዝም በልልኝ። ቅዳሜ ስሙ ይውጣ፣ እሑድ ሞተ እላለሁ። ዕድሜ ልኩን የጠበቃት ማዕረግ ናት፤ መቃብሩ ላይ እንኳ ትጻፍለት።»

«ከሱ ቀጥሎ ያለሁት እኮ እኔ ነኝ፣ ሉዊዛ።»

«አውቃለሁ። ሌላ ሰው ቢሆንማ በር አልከፍትም ነበር።»

«ሰባ አንድ ዓመቴ ነው። የሚቀጥለው ሹመት መቼ እንደሚመጣ ማን ያውቃል?»

«አንተ ገና ቆመህ ትሄዳለህ።»

ወደ መኝታ ክፍሉ ገብቶ ኦርድን አየው። አገጩ በመሐረብ ታስሯል። ትሬስኮት ማልቀስ ፈለገ፤ በሐሳቡ የመጣው ግን የለንደኑ የፖስታ ሠረገላ የሚነሣበት ሰዓት ነበር። ሲወጣ «እሺ» አላት። ያን ጊዜ ከልቡ ነበር።

ቤቱ ገብቶ በልማዱ ዝርዝሩን አነሣና የኦርድን ስም ሰረዘ። ከሥሩ ያለውን የራሱን ስም ብዙ ቆይቶ ተመለከተው። ከዚያ ወረቀት ሳበና ለንደን ላለው የባሕር ኃይሉ መሥሪያ ቤት ጻፈ። «ካፒቴን ኦርድ ዛሬ ንጋት ላይ ማረፉን በታላቅ ሐዘን አስታውቃለሁ።» ከጻፋቸው ቃላት አንዱም ውሸት አይደለም። ባርኔጣውን እንኳ ሳያደርግ በዝናብ ወጥቶ ደብዳቤውን ለሠረገላው አደረሰ።

ቅዳሜ ስሙ ወጣ፤ አድሚራል ሂዩ ትሬስኮት። መርከብ አልተሰጠውም። በዚያ ዕድሜ ለተሾመ ሰው የሚሰጥም የለ።

ሰኞ ለቀብሩ ሲሄድ ሉዊዛን ጥቁር ለብሳ ደጃፏ ላይ ቆማ አገኛት። ከቤቱ ጀምሮ የሚላትን ሲያዘጋጅ ነበር።

«ሉዊዛ፣ እኔ…»

«ሣጥኑን የሚሸከም ሰው ጎድሎናል፣ አድሚራል» አለችው፤ ሃያ ዓመት ሙሉ ሂዩ ስትለው የኖረች ሴት። «እባክዎ፣ በእግሩ በኩል ይያዙልን።»

ጎንበስ ብሎ ያዘ። ሣጥኑ ከበደው። ከፊት የያዙት ቀስ እንዲሉለት ግን አልጠየቃቸውም።